ምዕራፍ 7፦ ትልቁ ራሱን ተሸክሞ ይዋጋል

ትንሽ ቦክሰኛ ትልቁን ያሸንፋል ወይ? የስፖርቱ ደንብ አውጪዎች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ሚዛን ነው። ተጋጣሚዎች ከውድድሩ በፊት ይመዘናሉ፤ የሚገናኙትም ኪሏቸው የተቀራረበ ብቻ ናቸው። በለንደን የነበረው ናሽናል ስፖርቲንግ ክለብ በ1909 ስምንት የክብደት ምድቦችን አጸና። (በዚህ ምዕራፍ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የታችኛው ምድብ ከ50.8 ኪሎ በላይ የሆነውን አያስገባም ነበር። ከባድ ሚዛን የሚባለው የላይኛው ምድብ የሚጀምረው ከ79.4 ኪሎ በላይ ነበር፤ ማብቂያ ግን አልተበጀለትም።

ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ክፍት በር ነው። 85 ኪሎ የሚመዝን ሰው 120 ኪሎ ከሚመዝነው ጋር ቢገጥም ያ ደንብ አይከለክለውም ነበር። ስለዚህ የየዘመኑ ታላላቆች በምናብ ሲጋጠሙ፣ ማርሲያኖ ከመሐመድ አሊ፣ ጆ ሉዊስ ከሌኖክስ ሉዊስ ሲባል፣ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ወደ አንድ ነገር ይመለሳል፤ ክብደት ምን ያህል ይሠራል?

ነገሩ ለፎገራ ገበሬ እንግዳ አይደለም። በሬ ሲያጣምድ አቻ ይፈልጋል። ጉልበታቸው ያልተመጣጠነ በሬዎች አንድ ቀንበር ሥር ከገቡ ቀንበሩ ያዘነብላል፣ ትልሙ ይጣመማል፣ ደካማው ቀኑ ሳይጋመስ ይዝላል። በምዕራፍ 5 ስለ ቀንበር በተነገረበት ቦታ ይህ በሰፊው ታይቷል። የክብደት ምድብም ሥራው ይኸው ነው። ክብደትን ከሁለቱም ወገን አጣፍቶ ብልሃት፣ ፍጥነትና ወኔ ብቻቸውን እንዲታዩ ያደርጋል። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ደግሞ ሚዛኑ ሲነሣ የሚሆነው ነው።

ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም.

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የተፈጸመው ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። በዚያ ምሽት በያንኪ ስታዲየም ከ60,000 በሚበልጥ ሕዝብ ፊት ጣሊያናዊው ፕሪሞ ካርኔራና ጥቁር አሜሪካዊው ጆ ሉዊስ ተገናኙ። የወልወል ግጭት ከተፈጸመ ሰባት ወር ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ሙሶሊኒ ጦሩን በመርከብ ወደ ኤርትራና ወደ ሶማሊያ እያጓጓዘ ነበር። ካርኔራ የፋሺስቱ መንግሥት የጣሊያን ጉልበት ምልክት አድርጎ ያቆመው ሰው ሲሆን፣ ጥቁር አሜሪካውያን ደግሞ የ21 ዓመቱን ሉዊስ ለኢትዮጵያ እንደቆመ ተዋጊ ያዩት ነበር። ሁለቱ ቦክሰኞች ያልመረጡት ሸክም ጫንቃቸው ላይ ተጭኖ ነው ወደ ሪንግ የወጡት።

ካርኔራ 197 ሳንቲ ሜትር ቁመትና 118 ኪሎ ክብደት ነበረው። ሉዊስ በቁመት አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ያጥራል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ 89 ኪሎ ሆነ። ልዩነቱ 29 ኪሎ ነው። 29 ኪሎ የአንድ ደህና ሙክት ክብደት ስለሆነ፣ ካርኔራ ሉዊስን አክሎ በላዩ ሙክት የተጨመረበት ሰው ነበር ማለት ይቻላል። ሙክቱ ጡንቻም ነው፣ አጥንትም ነው፣ ሸክምም ነው። ይህ ምዕራፍ ከዚህች ከመጨረሻዋ ቃል ብዙ አይርቅም።

ሉዊስ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ወደ ጭንቅላት አልተጣደፈም። ካርኔራን ጎድንና ሆዱ ላይ ደጋግሞ መታው። ሆዱን የሚመታ ሰው ክንዶቹን ሳያስበው ወደ ታች ያወርዳል፤ ክንድ ሲወርድ አገጭ ይገለጣል። በስድስተኛው ዙር አገጩ ተገለጠ። ካርኔራ በዚያ ዙር ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ሦስት ጊዜም ተነሣ፤ ድፍረት አልጎደለውም። ዳኛው አርተር ዶኖቫን ገብቶ ግጥሚያውን አስቆመ።

ድሉ በሪንግ ውስጥ ያለውን ጥያቄ እንጂ ከሪንግ ውጭ ያለውን አልፈታም። ልክ በመቶኛው ቀን፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ።

ወደ ጣራ ገዳም የሚወስደው አቀበት

ካርኔራ ያን ሁሉ ጉልበት ይዞ ለምን ተሸነፈ? ሁለት መንገደኞች ከወረታ ተነሥተው ወደ ጣራ ገዳም ይሂዱ እንበል። አንዱ ቁመቱ የረዘመና 100 ኪሎ የሚመዝን፣ ሌላው አጭርና 65 ኪሎ ነው። ሁለቱም ጤነኞች፣ ሁለቱም ሥራ የለመዱ ናቸው። በፎገራ ሜዳ ላይ፣ በሩዝ ማሳዎቹ መካከል በተዘረጋው መንገድ፣ ረጅሙ ይቀድማል፤ እርምጃው ይረዝማላ። አዲስ ዘመን ታልፎ የገዳሙ ጫካ ወዳለበት ተራራ መውጣት ሲጀመር ግን ነገሩ ይለወጣል። ትልቁ ሰውዬ ቆም እያለ ይተነፍሳል፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል። ትንሹ እየተጨዋወተ ይወጣል። ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ናቸው ቢባልም እውነቱ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ራሱን ተሸክሟል፣ የአንደኛው ሸክም ደግሞ በ35 ኪሎ ይበልጣል።

ትልቁ ጉልበቱስ አይበልጥም? ይበልጣል፤ ሸክሙ ያደገውን ያህል ግን አላደገም። ምክንያቱን ለማየት የሩዝ ሳጥን ይበቃል። ርዝመቱም ወርዱም ከፍታውም እጥፍ የሆነ ሳጥን ቢሠራ መሬት ላይ የሚይዘው ቦታ አራት እጥፍ ይሆናል፤ የሚይዘው ሩዝ ግን ስምንት እጥፍ ነው። ጣሊያናዊው ጋሊሊዮ ይህን ሕግ በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ አጥንትና ስለ ምሰሶ ሲያስረዳ ጽፎታል። አካልም እንደዚሁ ነው። የጡንቻ ጉልበት የሚለካው እንደ ገመድ በውፍረቱ ነው፤ ገመድ ብዙ ክር በተገመደበት ቁጥር ይጠነክራል፤ መርዘሙ ብቻውን አያጠነክረውም። ክብደት ግን በውፍረትም በርዝመትም ያድጋል። ስለዚህ አካል ሲተልቅ ጉልበት ይከተላል፤ ክብደት ግን ቀድሞ ይሄዳል። በምዕራፍ 3 ጉንዳን ከራሷ ክብደት ብዙ እጥፍ እንድትሸከም፣ በሬ ግን እንዳይችል የሚያደርገው ሕግ ይኸው ነበር።

ሕጉ ለካርኔራና ለሉዊስ ሲሰላ ቁጥሩ ያስገርማል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ቅርጽ ቢኖራቸው ኖሮ ካርኔራ በክብደት 33 በመቶ ሲበልጥ በጉልበት የሚበልጠው 21 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ትርፍ ሸክም ነው። የክብደት ማንሣት ስፖርት ይህንኑ ይመሰክራል። ቱርካዊው ናይም ሱለይማኖግሉ በ1988 የሴኡል ኦሊምፒክ በ60 ኪሎ ምድብ ተወዳድሮ 190 ኪሎ ከራሱ በላይ አነሣ፤ ይህ ከራሱ ክብደት ሦስት እጥፍ በላይ ነው። ከእርሱ እጅግ የሚከብደው ጆርጂያዊው ላሻ ታላካድዜ በ2021 የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር ያነሣው 267 ኪሎ ነው። ይህ ከማንም በላይ ነው፤ የራሱን ክብደት ሁለት እጥፍ ግን አይሞላም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ጥቅል ጉልበት ነው፤ አካሉ በጠቅላላ ማውጣት የሚችለው። ሁለተኛው የኪሎ ድርሻ ነው፤ ያ ጉልበት ለእያንዳንዱ ኪሎ ሲካፈል የሚደርሰው። በጥቅል ጉልበት ትልቁ በአብዛኛው ይበልጣል፤ በኪሎ ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ይበልጣል። በምናብ የሚጋጠሙ ቦክሰኞችን ሲያወዳድሩ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ በዚያ ግጥሚያ ውስጥ ሥራ ላይ የሚውለው ከሁለቱ የትኛው ነው የሚለው ነው።

ሩጫ የኪሎ ድርሻ ስፖርት ነው። በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 165 ሳንቲ ሜትር ቁመቱን ይዞ 182 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመውን ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሰከንድ ሲቆጠር በዘጠኝ ብቻ ቀደመው። በዚያ መስመር ላይ የረጅም እግር ትርፍና የአጭር አካል ቅለት እኩል ሊሆኑ ጥቂት ነው የቀራቸው። ቦክስ ግን ግማሹ ሩጫ፣ ግማሹ ትግል ነው፤ ነገሩን የሚያወሳስበውም ይህ ነው።

ኮርማና ወይፈን

ክረምት አልፎ የርብና የጉማራ ውኃ ከሜዳው ሲሸሽ ከብቱ ወደ ግጦሹ ይመለሳል። የፎገራ ከብት በትልቅነቱ የታወቀ ዘር ነው። ሁለት ኮርማዎች ሲገናኙ ግንባር ለግንባር ይጋጠማሉ፤ ቀንድ ከቀንድ ይቆላለፋል፣ ሰኮና ጭቃውን ይቆፍራል፣ አንገት እንደ ተገተረ ገመድ ይወጣጠራል። ይህ ሲሆን ብልሃት ቦታ የለውም። ክብደት ያለው ይገፋል፣ የሌለው ያፈገፍጋል። ወይፈኑ ዕድል የሚያገኘው ቀንዱን ካላቀቀና ወደ ጎን ከዞረ ብቻ ነው፤ ትልቁ አካሉን ለማዞር ጊዜ ይፈጅበታልና። ግን ቀንዱን ለማላቀቅም ቦታ ያስፈልጋል። አጥር ሥር የተያዘ ወይፈን አለቀለት።

በሪንግ ውስጥ ይህ መተቃቀፍ ነው። ትልቁ ክንዱን በትንሹ ትከሻ ላይ ጥሎ ክብደቱን ያስደግፍበታል። ምት አልተሰነዘረም፣ ነጥብም አልተቆጠረም፤ ትንሹ ግን ከራሱ ሌላ የተጋጣሚውን አካል ተሸክሟል። የኪሎ ድርሻ ትርፉ በዚህ ጊዜ ሁሉ ይጠፋል። በ1934 በማያሚ የቀድሞው የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ቶሚ ላፍራን ይኸው ደረሰበት። ላፍራን ከዘመኑ ሁሉ በብልሃት የተመሰገነ ቦክሰኛ ነበር። ተጋጣሚው ግን በዚያን ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ካርኔራ ነው፤ ልዩነታቸውም 39 ኪሎ ነበር። አሥራ አምስት ዙር ተጫውተው ካርኔራ በነጥብ አሸነፈ። ያው ካርኔራ፣ ያው ግዙፍ አካል። ላፍራን ያልነበረው ሉዊስ የነበረው አንድ ነገር ነው፤ ምት።

የወንጭፍ ድንጋይ

ከምት በፊት ስለ ወንጭፍ ጥቂት መናገር ይበጃል። እህል ሲያሽት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወፍ ይጠብቃሉ። በእጅ የተወረወረ ድንጋይ ወፉን ያስበረግጋል እንጂ አይጎዳውም። ያው ድንጋይ ከወንጭፍ ሲወጣ ይገድላል። ድንጋዩ አልከበደም፤ የጨመረው ፍጥነት ነው። ሕጉም እንዲህ ይላል፦ የሚወረወረው ነገር ክብደቱ እጥፍ ቢሆን የሚይዘው የመጉዳት አቅም እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ግን አራት እጥፍ ይሆናል።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መዝሙረ ዳዊት በ150 አያበቃም። 151ኛው መዝሙር ዳዊት ከወንድሞቹ ሁሉ ትንሹ እንደነበረና ጎልያድን እንዴት እንደጣለው የሚናገር ነው። ታሪኩ በእምነት ዓይን ትልቅ ትርጉም አለው። በዚህ መጽሐፍ ዓይን ሲታይ ደግሞ ትንሹ ሰው ቀንድ ለመቆላለፍ እንዳልቀረበ ያሳያል። ዳዊት ጥቅል ጉልበት ዋጋ በማይኖረው ርቀት ላይ ቆሞ ነው የተዋጋው።

ቦክሰኛ ወንጭፍ የለውም፤ ግን ቡጢ የሚወጣው ከእግር ተነሥቶ በዳሌና በትከሻ አልፎ ነው፤ እንደ ወንጭፍ ገመድ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ፍጥነት ይጨምርበታል። ሥራው አንጥረኛ የነበረው ቦብ ፊትስሲመንስ በ1897 በኔቫዳ ካርሰን ሲቲ ጀምስ ኮርቤትን በአሥራ አራተኛው ዙር የጣለው 76 ኪሎ ሆኖ 83 ኪሎ የሚመዝነውን ሰው ከደረት አጥንት በታች ባለችው ባዶ ቦታ መትቶ ነው። ያቺን ቦታ በጡንቻ መሸፈን ያስቸግራል። አገጭም እንዲሁ ነው። አገጭ ሲመታ ጭንቅላት ይሽከረከራል፣ አንጎልም አብሮ ይናጋል። አንገት የወፈረ ሰው ጥቂት ይከላከላል፤ ግን የ118 ኪሎ ሰው ጭንቅላት ከ89 ኪሎው ሰው ጭንቅላት በአንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ሙክቱ የተጨመረው አካል ላይ ነው፤ አገጭ ላይ አልተጨመረም።

በዚህ ረገድ የባርቤዶሱ ጆ ዋልኮት ታሪክ መዘለል የለበትም። ቁመቱ 156 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። በ1900 ከባዶቹን ሁሉ ሲያስጨንቅ የኖረውን ጆ ቾይንስኪን በሰባት ዙር አሸነፈው። ከብዙ ዓመት በኋላ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነው አርኖልድ ክሪም «ጀርሲ ጆ ዋልኮት» ብሎ ስሙን የወሰደው ከዚህ ትንሽ ሰው ነው።

አሥራ ሦስተኛው ዙር

ጆ ሉዊስ በ1935 ትንሹ ነበር። በ1941 ያው ሉዊስ ትልቁ ሆነ። በጁን 18 ቀን በፖሎ ግራውንድስ ቢሊ ኮን ከቀላል ከባድ ሚዛን ወጥቶ ገጠመው። በይፋ በተነገረው ሚዛን ሉዊስ 90 ኪሎ ተኩል፣ ኮን 79 ኪሎ ነበሩ።

ኮን በኪሎ ድርሻው ተጫወተ። ገብቶ ይመታል፣ ሉዊስ ሳይመልስ ይወጣል፣ ሉዊስ ሲዞር እርሱ ሌላ ቦታ ነው። አሥራ ሁለት ዙር ሲያልቅ ከሦስቱ ዳኞች በሁለቱ ካርድ ይመራ ነበር፤ በሦስተኛው እኩል ነበሩ። የቀሩት ሦስት ዙሮች ናቸው። እየሸሸ ቢቆይ የዓለም ሻምፒዮን ይሆን ነበር። በአሥራ ሦስተኛው ዙር ግን ሉዊስን በዝረራ ልጣለው ብሎ ፊት ለፊት ቆመ። ወይፈኑ ቀንዱን ከኮርማው ቀንድ ጋር ራሱ ቆለፈ። ዙሩ ሊያልቅ ሁለት ሰከንድ ሲቀረው ተዘረረ። አሥራ ሁለት ዙር ሙሉ ትክክለኛ መልስ ሲሰጥ የነበረ ሰው በአንድ ዙር የተጋጣሚውን ጥያቄ መረጠ፤ በቦክስ ታሪክ ውስጥ የጥቅል ጉልበትና የኪሎ ድርሻ ልዩነት ከዚህ በላይ ጎልቶ የታየበት ምሽት ማግኘት ያዳግታል።

መሸሽም ቢሆን ዋጋ አለው። ሹገር ሬይ ሮቢንሰን በ1952 በያንኪ ስታዲየም ጆይ ማክሲምን የገጠመው ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚጠጋበት ምሽት ነበር። ሮቢንሰን 71 ኪሎ፣ ማክሲም 78 ኪሎ ተኩል ነበሩ። ዳኛው ሩቢ ጎልድስታይን ራሱ ሙቀቱን አልቻለም፤ ከአሥረኛው ዙር በኋላ በሌላ ተተካ። ሮቢንሰን በሦስቱም ካርድ እየመራ ሳለ ለአሥራ አራተኛው ዙር ከወንበሩ መነሣት አቃተው። በረጅም የቦክስ ሕይወቱ ግጥሚያ ሳይጨርስ የቀረው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ማክሲም ብዙም አልተንቀሳቀሰም፤ ሁለቱንም ሰው ያንቀሳቀሰው ሮቢንሰን ነበር። ትንሹ ለእያንዳንዱ ኪሎ ብዙ ጉልበት ቢኖረውም ብዙ ማውጣትም ግዴታው ነው። ወደ ጣራ ገዳም የሚወጣው ትንሽ መንገደኛ አቀበቱን እየሮጠ ቢወጣው ኖሮ እርሱም ከትልቁ ጎን ይቀመጥ ነበር።

ወሰኑ

የኪሎ ልዩነት በቁጥሩ ብቻ ሲታይ ያሳስታል። በ50 ኪሎ ምድብ ሦስት ኪሎ ብዙ ነው፤ በ100 ኪሎ ላይ ቁምነገር አይደለም። መታየት ያለበት ድርሻው ነው። በዚህ መንገድ ሲሰላ የሪንጉ መዝገብ አንድ ነገር ይናገራል። ትንሹ ከሩብ በላይ በሚበልጠው ሰው ላይ የተቀዳጃቸው ስመ ጥር ድሎች በአብዛኛው በአንድ ዓይነት ተጋጣሚ ላይ የተገኙ ናቸው፤ ግዙፍ ግን ዘገምተኛ በሆነ። ጃክ ደምፕሲ በ1919 በቶሌዶ 85 ኪሎ ሆኖ 111 ኪሎ የሚመዝነውን ጄስ ዊላርድን በመጀመሪያው ዙር ብቻ ሰባት ጊዜ ጣለው። ዴቪድ ሄይ በ2009 በኑረምበርግ 99 ኪሎ ሆኖ 143 ኪሎ የሚመዝነውንና 213 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመውን ኒኮላይ ቫሉየቭን በነጥብ አሸነፈ፤ ያሸነፈው ግን ምሽቱን ሙሉ ርቀቱን ጠብቆ ነው። ሉዊስና ካርኔራም ከዚሁ ጎራ ናቸው።

ትልቁ መንቀሳቀስ ሲችል ግን ትንሹ ሊያሸንፍ የሚችልበት የክብደት ልዩነት ወሰን ይጠብባል። ጀምስ ጀፍሪስ በ1899 ፊትስሲመንስን በአሥራ አንደኛው ዙር ሲያሸንፍ ክብደቱ ከእርሱ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይበልጥ ነበር፤ ጀፍሪስ ደግሞ ለአካሉ ቀልጣፋ ነበር። ሮይ ጆንስ በ2003 ጆን ሩዊዝን ያሸነፈው በ17 በመቶ ተበልጦ ነው፤ በዚህም ከፊትስሲመንስ በኋላ ከመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮንነት ተነሥቶ የከባድ ሚዛንን ማዕረግ የወሰደ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከሁሉ የሚደነቀው ዩክሬናዊው ኦሌክሳንደር ኡሲክ ነው። በሜይ 2024 በሪያድ ታይሰን ፉሪን በተከፋፈለ የዳኞች ድምፅ አሸነፈ። በዲሴምበር ፉሪ ክብደት ጨምሮ 127 ኪሎ ተኩል ሆኖ መጣ፤ ኡሲክ 102 ኪሎ ተኩል ነበር። ፉሪ የጨመረው ኪሎ አልጠቀመውም፤ ሦስቱም ዳኞች 116 ለ112 ለኡሲክ ሰጡ። ፉሪ ለግዙፍነቱ ቀልጣፋ ነው፤ ስለዚህ ይህ ድል ከሄይ ድል ይልቃል። ሩብ ያህል ተበልጦ የሚንቀሳቀስ ግዙፍን መርታት ከዚህ ወዲያ እምብዛም አልታየም።

ያልተካሄዱ ግጥሚያዎች

በ1967 መሪ ዎሮነር የተባለ የሬዲዮ አዘጋጅ የዘመናት ሻምፒዮኖችን መረጃ በኮምፒዩተር አስገብቶ በምናብ አጋጠማቸው። መሐመድ አሊ በዚያ ውድድር በጀፍሪስ ተሸነፈ ሲባል ተቆጥቶ አንድ ሚሊዮን ዶላር ካሳ ጠየቀ። ነገሩ በስምምነት አልቆ አሊና ሮኪ ማርሲያኖ በ1969 ካሜራ ፊት ለፊልም ተጋጠሙ። ማርሲያኖ ቀረጻው ባለቀ በሳምንታት ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ፊልሙ በጃንዋሪ 1970 ሲታይ በአሜሪካ ማርሲያኖ በአሥራ ሦስተኛው ዙር በዝረራ ያሸንፋል፤ በአውሮፓ በታየው ግን አሸናፊው አሊ ነበር። ኮምፒዩተሩ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው፤ የጥያቄው መሠረት ካልተገለጠ ሁለት መልስ ቢሰጥ አያስደንቅም።

መሠረቱ ሲገለጥ ማርሲያኖ 84 ኪሎ፣ አሊ በ1967 ወደ 96 ኪሎ ነበር። ልዩነቱ 14 በመቶ ስለሆነ ከወሰኑ ውስጥ ነው፤ ክብደት ብቻውን ማርሲያኖን አይጥለውም። የሚጥለው ሌላ ነው። ማርሲያኖ ክንዶቹን ሲዘረጋ 173 ሳንቲ ሜትር፣ አሊ 198 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበሩ። አሊ ደግሞ በእነዚህ 25 ሳንቲ ሜትር ውስጥ የሚንቀሳቀስ፣ ሸክሙን የማይሰማ እግር ነበረው። አሊ ትልቅ ሆኖ የኪሎ ድርሻውን ያላጣ ሰው ነው፤ ስለዚህ በአሥራ አምስት ዙር በነጥብ ያሸንፋል። ማርሲያኖ አርባ ዘጠኝ ጊዜ ተጋጥሞ ያልተሸነፈ ሰው ቢሆንም ፍርዱ አይለወጥም።

ጆ ሉዊስ ከሌኖክስ ሉዊስ ጋር ቢገጥም ይበልጥ ይከብዳል። ሌኖክስ በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ 112 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ልዩነቱ ከካርኔራው ያንሳል። ግን ሌኖክስ ካርኔራ አይደለም። ግራ እጁን ዘርግቶ ርቀት መጠበቅ የሚችል፣ ሲጠጋም ክብደቱን ማስደገፍ የሚያውቅ ሰው ነው። እዚህ ላይ ሙክቱ ሸክም መሆኑ ቀርቶ መሣሪያ ሆኗል። ሉዊስ የሚያሸንፈው በመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ዙሮች አገጩን ካገኘ ነው፤ ካላገኘው ሌኖክስ ይረታል።

ከሁሉ የሚያስቆጨው ግን በምናብ መካሄድ ያልነበረበት ግጥሚያ ነው። ሳም ላንግፎርድ ቁመቱ 170 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። በ1906 በማሳቹሴትስ ቼልሲ ከጃክ ጆንሰን ጋር ሲገናኝ 71 ኪሎ ነበር፤ ጆንሰን 84 ኪሎ። ጆንሰን በአሥራ አምስት ዙር በነጥብ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ላንግፎርድ ደረቱና ትከሻው ሞልቶ ከ80 ኪሎ አለፈ፤ ምቱ ከከባዶቹ ሁሉ የሚፈራ ሆነ። ጆንሰንም በ1908 መጨረሻ የመጀመሪያው ጥቁር የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። በእነዚያ ዓመታት የሁለቱ የክብደት ልዩነት ጠብቦ ወሰኑ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ በአሥራ አምስት ዙር ጆንሰን ቢመራም፣ ግጥሚያው በረዘመ ቁጥር፣ በዚያ ዘመን እንደተለመደው ሃያ ወይም ሃያ አምስት ዙር ቢሆን፣ የላንግፎርድ ምት አገጩን የሚያገኝበት ጊዜ ይመጣ ነበር። ጆንሰን ማዕረጉን እስከ 1915 ሲይዝ ላንግፎርድን አንድም ጊዜ አልገጠመውም። ላንግፎርድ ዓይኑ ጠፍቶ በ1956 ሞተ፤ ለዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነት የመጋጠም ዕድል ሳያገኝ።